የአያት ጠመንጃ እንጨት እንዴት ይታደሳል? ከጥቀርሻው እስከ ተልባ ዘይቱ

አሮጌ ጠመንጃን ከዝገት ይበልጥ የሚጎዳው ሊያሳምረው የተነሣ ሰው ነው። ብረቱን ማንም ደፍሮ አይነካውም፤ እንጨቱ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም አናጢ ይሆናል። ቅዳሜ ከሰዓት ብርጭቆ ወረቀት ይገዛል፣ ሰደፉ ነጭ እስኪሆን ይፋቃል፣ የበር ቫርኒሽ ተደራርቦ ይቀባና ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ማብራቱን ያበራል። የፋብሪካው ማኅተም፣ አያትየው በካራ ጫፍ የጫሩት ምልክት፣ የስንት ዘመን የእጅ ወዝ ግን ከዱቄቱ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል። ሰብሳቢ ዋጋ የሚሰጠው ደግሞ ለዚያ ወዝ ነው።

ስለዚህ ቆሻሻው ይውጣ፣ ወዙ ይቅር። መፋቅ የሚመጣው ከማጽዳት በኋላ ነው፤ ማቅለም ደግሞ ከሁሉም በኋላ። ብዙ ጊዜ እስከዚያ መድረስም አያስፈልግም።

ወረቀቱ ይቅደም

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ጠመንጃው የአያት ነው፣ አርጅቷል፣ ጥይቱ አይገኝም ብሎ መከራከር አያዋጣም። ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ ቤት ፈርሶ ዕቃ ሲጓጓዝ ከቁም ሳጥን ጀርባ ያልታሰበ ነገር ያገኘ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ፖሊስ ነው፤ አናጢው ይቆየው። ፈቃድ ያለዎት ከሆነም ብረቱ ከቤትዎ አይውጣ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ወደ ሥራ ቦታ የሚሄደው በጋዜጣ የተጠቀለለ እንጨት ብቻ ይሁን። ታክሲ ውስጥ ሙሉ ጠመንጃ ታቅፎ "ለማስጠገን ነው" ማለት ማንንም አያሳምንም።

ሌላም አለ። ጠመንጃው የታወቀ አርበኛ ወይም መኳንንት የያዘው ከሆነ፣ በብር ያጌጠ ከሆነ ወይም ጽሑፍ የተቀረጸበት ከሆነ ቅርስ ሊሆን ይችላል። አምስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሳያማክሩ ጨርቅ እንኳ አያሳርፉበት።

ምን እንደያዙ ይወቁ

በሀገራችን ቤቶች የሚገኙት አሮጌ ጠመንጃዎች ዓይነታቸው ብዙ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀሩት ውጅግራና ምንሽር አሉ። ዓድዋ ላይ ጣሊያን በብዛት ይዞት የመጣው ቬተርሊ አለ፤ በ1928 ወረራ የመጣው ካርካኖ አለ፤ ከነጻነት ጋር የገባው የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ አለ፤ ከጦርነቱ በፊት ከቤልጅግ የተገዛው ማውዘር አለ፤ በኋላ ለክቡር ዘበኛና ለጦር ሠራዊቱ የተሰጡት የአሜሪካ ጠመንጃዎችም አሉ። ባለፉት ዓመታት ከዚህ ወጥተው አሜሪካ ሰብሳቢዎች እጅ የገቡት ጠመንጃዎች እዚያ የሚታወቁት በደረቀና በተሰነጠቀ እንጨታቸው ነው። እዚህ ቤታችን ያሉትም ከዚያ አይለዩም።

እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ ዋልነት ወይም ቢች ነው። ዋልነት ራሱ ቡናማ ነው፤ ጥቁር መስመሮች ይሄዱበታል፤ ሲጸዳና ዘይት ሲያገኝ ያለ ምንም ማቅለሚያ ይመለሳል። ቢች ግን ፈዛዛ ነው፤ ቆዳው ላይ ሰሊጥ የተበተነበት የሚመስል አጫጭር ነጠብጣብ አለው። ፋብሪካዎቹ ዋልነት ሲያጥራቸው ወደ ቢችና ወደ በርች ስለዞሩ፣ በጦርነት ዘመን የተሠሩት ጠመንጃዎች ላይ ይበዛል። ይህን መለየት የሚጠቅመው ስለ ማቅለም ሲነሣ ነው፤ ዋልነትን ማቅለም አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ሥራ ነው፤ ተፍቆ የነጣ ቢች ግን ያለ ማቅለሚያ አይስተካከልም።

ቀጥሎ ማኅተሞቹን ይፈልጉ። የሰደፉን ሁለት ጎን፣ አንገቱን፣ የፊት እንጨቱን ከሥሩ፣ የአፈሙዙን ማረፊያ ቦይ በሙሉ። ባትሪ ከጎን አጋድመው ሲያበሩ በዓይን የማይታየው ማኅተም ጥላ ይሠራል። በስልክ ፎቶ ያንሡት። ከዚያ ማኅተሙ ያለበትን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን ይከልሉት፤ በሥራው ሁሉ ከጨርቅና ከዘይት ሌላ አይነካውም።

አሁን ያለው ቅብ ምን እንደሆነ ማወቂያው ቀላል ነው። የሰደፉን ብረት አንሥተው እዚያ ከሥሩ ይሞክሩ። በአልኮል የታሸ ጥጥ ቅቡን ካጣበቀው ጎማላካ፣ ማለትም በአልኮል የሚሟሟው የአናጢዎች ቅብ ነው። አልኮል ካልነካውና ቲነር ካለሰለሰው የላከር ዓይነት ነው። ሁለቱም ምንም ካላደረጉት የደረቀ የተልባ ዘይት ወይም ዘመናዊ ቫርኒሽ ነው፤ ቫርኒሹ በጥፍር ሲጫር እንደ ቅርፊት ስለሚነሣ ይለያል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መልስ "ዘይት ነው" ከሆነ ደስ ይበልዎት፤ የሥራው ግማሽ ቀርቶልዎታል።

መፍታት

ጥይት አለመጉረሱን በዓይን ይዩ፣ ከዚያ በጣት ይዳስሱ። "ባዶ ነው" ብሎ የሰጠዎት ሰው ወንድምዎ ቢሆንም።

ብሎኖቹ ላይ የሚታየው አብዛኛው ጉዳት የመጣው ከማይገጥም ካቻቢቴ ነው። የካቻቢቴው ጫፍ የብሎኑን ጎድጓዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሙላት አለበት፤ ካልሞላ በሞረድ አስተካክለው ያስገጥሙት። አልነቃነቅ ያለ ብሎን ላይ አንድ ጠብታ ዝገት ማላቀቂያ ያድርጉና ያሳድሩት፤ ጠብታው ብዙ ከሆነ እንጨቱ ጠጥቶት ይጠቁራል። በማግስቱ የጋለ የብየዳ ካውያ ጫፍ ብሎኑ ራስ ላይ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፉ፣ መጀመሪያ በትንሹ ወደ ማጥበቂያው ይግፉት፣ ከዚያ ይፍቱት። እያንዳንዱን ብሎን ካርቶን ላይ የጠመንጃውን ቅርጽ ሥለው በየቦታው ይሰኩ። የሚመሳሰሉት ሁሉ አንድ አይደሉም።

እንጨቱን ከአፈሙዙ ጋር የሚያስሩት የብረት ቀለበቶች በትንሽ ስፕሪንግ የተያዙ ከሆነ ስፕሪንጉን ወደ ውስጥ ተጭነው ቀለበቱን ወደ አፈሙዙ ጫፍ ያንሸራትቱ። በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማውጣት የለም። የላይኛው ክዳን እንጨት በጣም ስስ ስለሆነ ሲጣመም ይሰነጠቃል።

የድሮው አጭር ሊ ኤንፊልድ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እንጨቱ ሁለት ቁራጭ ነው፤ ሰደፉ በረጅም ብሎን ከኋላ ይታሰራል፣ የብሎኑ ጫፍ ደግሞ ከፊት እንጨቱ ጋር ይቆለፋል። ሰደፉን መጀመሪያ ካዞሩት የፊት እንጨቱ ኋላው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የፊት እንጨቱ ይቅደም፣ ሰደፉ ይከተል። ሲገጠም ደግሞ በተቃራኒው።

ጥቀርሻና ሞራ

ገጠር ጎጆ ውስጥ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ጠመንጃ ላይ ያለው ጥቁር ነገር አብዛኛው የእንጨቱ ቀለም አይደለም። የምድጃ ጥቀርሻ ነው፤ ከላዩ ሞራ ወይም ቅቤ ተቀብቶበታል፤ እሱም አቧራ ይዞ ደርቋል። ይህን አንሥቶ እንጨቱ ያረጀበትን ቀለም መተው ትዕግሥት ይጠይቃል።

ተክለ ሃይማኖት ዙሪያ ካሉት የቀለም ሱቆች አንድ ሊትር አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ይግዙ። በረንዳ ላይ ወይም በር ተከፍቶ ይሠራል፤ ቡና የሚፈላበት ከሰል በአቅራቢያ አይኑር። አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ነክረው፣ ጨምቀው፣ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ይሹ። ጨርቁ ሲጠቁር ይቀይሩ። ሦስት አራት ጨርቅ ከተቀየረ በኋላ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ሲዞር ያቁሙ፤ ያ ቡናማ ወዙ ነው። ማዕዘንና ጎድጓዳ ላይ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። የደረቀ ሞራ እምቢ ካለ ድስት ከሚፈተግበት ሽቦ እጅግ የደቀቀውን ዓይነት በአኳራጅ አርሰው በቀላሉ ያሳርፉበት፤ ማኅተም አጠገብ ግን አይቅረብ።

ከዚህ በኋላ ለብ ባለ ውኃ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገው ጨርቁን አጥብቀው ጨምቀው አንዴ ያብሱ፣ ወዲያው በደረቅ ያድርቁ። እንጨቱን ውኃ ውስጥ መንከር፣ በረኪና ማፍሰስ፣ በልብስ ሶዳ መቀቀል ሲመክሩ የሰማኋቸው ሰዎች አሉ። ሶዳው እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ቃጫውንም ያለሰልሰዋል፤ ደርቆ ሲነሣ ጸጉራም ይሆናል።

ጠመንጃ መጋዘን ሲቀመጥ እንዳይዝግ የሚቀባውን ወፍራም ቅባት የጠጣ እንጨት ሲሆን ብልሃቱ ሌላ ነው። ይህ ቅባት ከ45 እስከ 52 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይቀልጣል። እንጨቱን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ጥቁር ፌስታል ውስጥ ያስገቡና በጋ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ የሚመታው ቦታ ወይም መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያስቀምጡት። በየሁለት ሰዓቱ ያውጡት፣ የላበውን ያብሱ፣ ወረቀቱን ይቀይሩ። የአዲስ አበባ አየር ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ጠንካራ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ይህ ዘዴ ጥሩ ይሠራል። ሐምሌ ላይ አይሞከርም።

ቫርኒሽ ከሆነ ብቻ

ከእርስዎ በፊት የነበረ ሰው ቫርኒሽ ወይም የበር ቀለም ከቀባው፣ ዘይት አይገባምና መነሣት አለበት። እንደ ሳሙና የረጋ የቀለም ማንሻ በብሩሽ ወፍራም አድርገው ይደርቡ፣ በፌስታል ይሸፍኑት፣ ሲኮማተር በቀርከሃ ወይም በፕላስቲክ ቁራጭ ይግፉት። ጓንትና መነጽር የግድ ነው። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን አይፋቁ፣ ሕፃናት ባሉበትም አይሠራ።

አናጢዎቻችን በጠርሙስ ስባሪ እንጨት ሲፍቁ የሚያወጡት ልስላሴ የሚያስቀና ነው፤ ለአዲስ ጠረጴዛ። ለዚህ ሥራ ግን ጠርሙሱም ብርጭቆ ወረቀቱም ይቀመጥ። የእንጨቱ ጠርዝ ከብረቱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው፤ አንዴ ከተፋቀ ብረቱ ከእንጨቱ በላይ ወጥቶ ይቀራል፤ ያወቀ ሰው ሩቅ ሆኖ ያየዋል።

ጉብጥና ስንጥቅ

ተመትቶ የገባ ቦታ ይመለሳል፤ የተቆረጠ አይመለስም። የገባው ላይ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ያጥፉና የጋለ የልብስ ካውያ ጫፍ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ያሳርፉ። እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን ቃጫ ያነሣዋል። ይደጋግሙ፣ ጨርቁ ደርቆ እንዳያቃጥል ይጠንቀቁ። ማኅተም አጠገብ ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ማኅተሙ ራሱ ተጨፍልቆ የገባ እንጨት ነውና እንፋሎት ሲያገኝ አብሮ ይነሣና ይጠፋል።

ስንጥቅ ላይ ነጭ ኮላ አይይዝም፤ የስንት ዓመት ዘይት ውስጥ ስላለ። በመርፌ አሴቶን ስንጥቁ ውስጥ እየጨመሩ በጥጥ ይምጠጡ፣ ጥጡ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ ባለ ሁለት ቱቦ ኤፖክሲ ደባልቀው፣ እንጨቱን በጸጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው፣ በቀጭን ክር ወደ ውስጥ እየጎተቱ ያስገቡት። ለማሰር የብስክሌት ካላማዳሪ ቀጭን ቀጭን አድርጎ ቆርጦ መጠምጠምን የሚያህል የለም፤ ክብ የሆነውን አንገት እኩል ይጨምቀዋል፣ ምልክትም አይተውም። ከላይ የወጣውን ሳይደርቅ በአሴቶን ያብሱ፤ የቀረ ማጣበቂያ በኋላ ማቅለሚያውን አይቀበልምና ነጭ ሆኖ ያጋልጥዎታል። ከተኩስ በኋላ የመጣ የአንገት ስንጥቅ የሚተኮስበት ጠመንጃ ላይ ካለ ግን የመሣሪያ ባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ይህ መመሪያ ለማስቀመጥ ለሚሆን ነው።

አሁን ስለ ጠፍር። ብዙ የሀገራችን ጠመንጃዎች አንገታቸው በጥሬ ቆዳ ተጠፍሮ ይገኛል፤ እርጥቡ ቆዳ ሲደርቅ ይሸበሸብና የተሰበረውን አጥብቆ ይይዛል። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ እንዲህ ያለውን ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ ይህን ጠፍር አንሣልኝና በደንብ ቫርኒሽ አድርግልኝ። የልጅ ልጆቼ ቆሻሻ ነው ይሉኛል።"

"ጋሼ፣ ጠፍሩን ያሰረው ማነው?"

"አባቴ ነዋ! ከበቅሎ ወድቆ አንገቱ ሲሰበር፣ የጠመንጃው ማለቴ ነው፣ እዚያው በረት ውስጥ አሰረው።"

"እንግዲያው ለልጅ ልጆችዎ ይህንኑ ይንገሯቸው እንጂ አያስነሡት።"

ጠፍሩ አለ። በደረቅ ብሩሽ አቧራው ተጠረገ፣ ውኃም ዘይትም አልነካውም፤ ውኃ ካገኘው ይለሰልስና ይላቀቃል። ለናስ ምስማርና ለብር ቀለበትም እንዲሁ፤ የግድ ካልሆነ አይነቀሉ፣ በብረት ማጽጃም አያብረቅርቋቸው።

ማቅለም

ማቅለሚያ የሚያስፈልገው ለሦስት ጉዳይ ነው። አዲስ ቁራጭ ሲገባና ከአሮጌው ጋር ሲለያይ፤ ሰደፉ አንድ ቀለም የፊት እንጨቱ ሌላ ሲሆን፤ ወይም ሌላ ሰው ቢቹን ፍቆ ሲያነጣው። ከዚህ ውጭ "ትንሽ ጠቆር ቢል" የሚለው ፍላጎት በዘይት ይመለሳል።

ለቁራጭ መተኪያ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከተሰባበረ አሮጌ ቁም ሳጥን ላይ ዋልነት መፈለግ ይሻላል። ዋንዛ ውብ ቢሆንም ለስላሳና ቀላል ነው፤ ዘይት ሲያገኝም ሌላ መልክ ያወጣል።

መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ይሞክሩ፤ ከሰደፉ ብረት ሥር ወይም በአፈሙዙ ቦይ ውስጥ። ከዚያ በፊት የሚቀባውን ክፍል በእርጥብ ጨርቅ ያብሱ፤ ሲደርቅ የሚቆመውን ጸጉር ባረጀ 320 ወይም 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ያስተኙ። ይህ ካልተደረገ ማቅለሚያው ራሱ ጸጉሩን ያቆመዋል።

ሱቅ ላይ የሚገኘው ሦስት ዓይነት ነው። በውኃ የሚሟሟ ዱቄት ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ እኩል ይሰራጫል፣ ለጀማሪ ይመቻል። በአልኮል የሚሟሟው በደቂቃ ይደርቃል፤ ፈጣን እጅ ካልሆነ መደራረቢያው ላይ መስመር ይተዋል፣ ለትንሽ ቁራጭ ግን ግሩም ነው። ሦስተኛው ቀለምና ቫርኒሽ አንድ ላይ የተደባለቀበት ቆርቆሮ ነው፤ እሱን ለመስኮት ይተዉት።

እኔ ለቢች ብዙ ጊዜ የምጠቀመው ግን ሻይና አቼቶ ነው። በአራት አምስት የሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል ግማሽ ሊትር ውኃ ጥቁር እስኪሆን ይፍላና ይቀዝቅዝ። በሌላ ጠርሙስ ደቃቅ ሽቦ በሳሙና ዘይቱን አጥበው አቼቶ ይሙሉበትና ለጥቂት ቀናት ያስቀምጡ፤ ጋዝ ስለሚወጣው ክዳኑ አይጥበቅ። ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ያጥሉት። እንጨቱን መጀመሪያ በሻይ ይቀቡ፣ ይድረቅ። ከዚያ የአቼቶውን ውኃ ሦስት እጥፍ በውኃ አቅጥነው ይቀቡ። ሲቀባ ምንም አይመስልም፤ ትንሽ ቆይቶ ብረቱ ከሻይው ታኒን ጋር ሲገናኝ እያዩት ይጠቁራል። ይህ ቀለም ላዩ ላይ የተቀባ ሳይሆን እንጨቱ ውስጥ የተፈጠረ ስለሆነ የእድሜ ጥቁረት ይመስላል። ችግሩ ግራጫነቱ ነው፤ ሙቀት ይጎድለዋል። ሲደርቅ በላዩ ቀይ ያዘለ ቡናማ የአልኮል ማቅለሚያ በጣም አቅጥኖ አንዴ ማሳለፍ ያስተካክለዋል። አሲዱ ብረት ያዝጋልና መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውኃ በተጨመቀ ጨርቅ ያብሱት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ብረት አይገጠም።

በቡና ማቅለም ይሞከራል፤ ያምራልም፣ ለጥቂት ወራት። ብርሃን ሲያገኝ ይለቃል። ቡናው ይጠጣ።

ቀለሙን ማየት የሚገባው በቀን ብርሃን ነው፤ በኤል ኢ ዲ አምፖል ሥር የተስተካከለ ነገር በረንዳ ላይ ሲወጣ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ዘይት ሲቀባ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ እንጨቱን በአኳራጅ ማራስ ነው፤ ያኔ የሚታየው ቀለም ከመጨረሻው ጋር ቅርብ ነው፣ አኳራጁም ተንኖ ይሄዳል። በዚያ ሁኔታ ከሚፈልጉት አንድ ደረጃ ሲፈዝ ያቁሙ። ማጥቆር ሁልጊዜ ይቻላል፤ ማፍዘዝ ግን መፋቅ ነው። አሮጌ እንጨት ደግሞ አንድ ወጥ ቀለም የለውም፦ እጅ የሚይዘው አንገቱና የፊት እንጨቱ ጠቆር፣ ትከሻ የሚነካው የሰደፉ ጫፍ ገርጣ ይላል። አዲሱን ቁራጭ እንደ ጎረቤቱ ያድርጉት እንጂ ሁሉን አንድ ዓይነት አያድርጉ።

ተልባ

አብዛኞቹ የጦር ጠመንጃዎች ከፋብሪካ የወጡት በተልባ ዘይት ነው። ተልባ በሀገራችን ሞልቷል፤ ሆኖም የሱፐርማርኬቱና የፋርማሲው የተልባ ዘይት ጥሬ ነው፤ ለመድረቅ ቀናት፣ ክረምት ላይ ሳምንታት ይፈጅበታል። የቀለም ሱቁ የተልባ ዘይት ማድረቂያ የተጨመረበት ስለሆነ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይበቃዋል። ሁለቱም ይሆናል፤ ልዩነቱ የጊዜ ነው። ኑግ ግን አይሞከር። ኑግ በከፊል ብቻ ነው የሚደርቀው፤ ተጣባቂ ሆኖ ይቆይና አቧራ ይሰበስባል። ሌላው የምግብ ዘይት ደግሞ አብዛኛው ይበላሻል።

ለመጀመሪያው ቅብ ዘይቱን እኩል በእኩል ከአኳራጅ ጋር ያቅጥኑት። በብሩሽ በደንብ ያጠጡት፤ የተቆረጠው ጫፍ፣ ከሰደፉ ብረት ሥር ያለውና የአፈሙዙ ቦይ አብዝተው ይጠጣሉ፣ እርጥበት የሚገባውም በእነሱ ስለሆነ አይርሷቸው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ያልገባውን ሁሉ አጥብቀው ያብሱ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው፦ "ትንሽ ቢቀር ያበራል" ብሎ የተወው ዘይት ተጣባቂ ቆዳ ይሠራል፤ ያን ማንሣት ከመቀባቱ ይከብዳል።

ከሁለተኛው ጀምሮ ብሩሽ አያስፈልግም። ጥቂት ጠብታ ያልቀጠነ ዘይት መዳፍ ላይ አድርገው እንጨቱ እስኪሞቅ ይሹት፣ ይጥረጉት፣ ያሳድሩት። ጥቅምት ላይ በማግስቱ መድገም ይቻላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን በእጅ ጀርባ ነክተው ቅዝቃዜ ወይም መጣበቅ ካለ ይጠብቁ። ሦስት አራት ስስ ቅብ ለአሮጌ እንጨት ይበቃል። መስታወት የመሰለ ብርሃን ከመጣ አልፈዋል ማለት ነው፤ የጦር ጠመንጃ እንጨት ደብዘዝ ያለ ነው።

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ከተጣለ ራሱን አሙቆ ያለ ክብሪት ይነድዳል። ይህ ተረት አይደለም፤ ዘይቱ ሲደርቅ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙቀት ይፈጥራል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ደግሞ ያን ሙቀት ይይዘዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወይም ግድግዳ የሚጋራ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ጨርቅ ለየብቻው ገመድ ላይ ያስጣው፣ አለዚያ ውኃ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ይክተተው። ሥራው ያለቀ ዕለት ማታ፣ ሳይተኙ።

ሰሙ

ለማሳረጊያ እኩል እኩል ሰም፣ የተልባ ዘይትና አኳራጅ ይበቃል። ሰሙ ንጹሕ የንብ ሰም ይሁን፤ ገበያ ላይ ያለው ጧፍ አንዳንዱ ፓራፊን የገባበት ነው። ጠጅ የሚጥል ዘመድ ካለዎት ሰፈፉን ይለምኑ። ውኃ ውስጥ አፍልተው በሻሽ ያጥሉት፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ላዩ ላይ ይረጋል። ያን ከተልባው ጋር የፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ያቅልጡ፣ ከእሳቱ አርቀው አኳራጁን ይጨምሩ። ሲረጋ ቅቤ ይመስላል። በጨርቅ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተው በሱፍ ጨርቅ ይወልውሉ። ሰም ከተቀባ በኋላ ዘይት ስለማይገባ፣ ዘይቱ መጨረሱን እርግጠኛ ሳይሆኑ አይጀምሩት።

መግጠምና ማስቀመጥ

የመጨረሻው ዘይት ከገባ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ያልደረቀ እንጨት ላይ ብረት ከተጫነ ብረቱ ከሥር ይዝጋል። እንጨት ውስጥ የሚያርፈውን የብረት ክፍል በስሱ ሰም ይቀቡት። ብሎኖቹን በእጅ እየመለሱ ያስገቡ፣ መጨረሻ ላይ በካቻቢቴ በልክ ያጥብቁ።

ቆዳ ማንገቻው ተፈትቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ናስ ከነካ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ፊት፣ ከምድጃ በላይ ወይም ዝናብ የሚያረጥበው ግድግዳ ላይ አይሰቀል። በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቂት ጠብታ ተልባ በመዳፍ ማሸት ይበቃዋል፤ ሰም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ሰሙን በስሱ ማደስ። ምን እንደተደረገ፣ የትኛው ቁራጭ አዲስ እንደሆነ፣ በምን እንደተቀባ በአንድ ወረቀት ጽፈው ከፎቶዎቹ ጋር ከፈቃዱ ኮፒ ጎን ያኑሩት፤ ነገ የሚረከበው ልጅም ሆነ የሚገዛው ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።